በእጅ የያዙት ወርቅ፤ ስለ አንድ አሮጌ መድኃኒትና ስለ ልብ ትርታ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ስለ ወርቅ ብቻ አይደለም። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፥ ከወንጂ እስከ መተሐራ ባለው ያገራችን ክፍል የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ሲታዘዝ የኖረ አንድ አሮጌ መድኃኒት አለ። ስሙ ፌኒቶይን ይባላል፤ ዲላንቲን ወይም ኤፓኑቲን በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቀውም ብዙ ነው። ይህ መድኃኒት ለአንጎል ብቻ ሳይሆን ለልብም ሊሠራ እንደሚችል ከታወቀ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። በተማሪ ደብተር ውስጥ ግን ነገሩ አንዲት መስመር ብቻ ነው፤ ያቺም መስመር ከፈተናው ማግስት ትረሳለች።

በዚህ ገጽ ላይ የምናቀርበው አሳብ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው፥ ፌኒቶይን በልብ ሕክምና ውስጥ ጠባብ ነገር ግን እውነተኛ ስፍራ አለውና ሐኪሞቻችን፥ ነርሶቻችንና የመድኃኒት ባለሙያዎቻችን ይህን ስፍራውን ሊያውቁለት ይገባል የሚል ነው። ሁለተኛው፥ የልብን ትርታ የሚያነብ መሣሪያ፥ ደምን የሚመረምር ክፍልና የተጻፈ መዝገብ በሌለበት ቦታ ይኸው መድኃኒት ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ሊበዛ ይችላል የሚል ነው። ሁለቱን ነጣጥሎ የሚናገር ሰው የእውነቱን ግማሽ ብቻ ይናገራል። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከሥሩ እንጀምር። በጽሑፋችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ፌኒቶይንን በ1908 መጀመሪያ የሠራው ሃይንሪክ ቢልትዝ የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። በዚያ ዘመን የሚጥል በሽታን የሚያስታግስ መድኃኒት ሁሉ የሚያፈዝና የሚያስተኛ መሆን አለበት ተብሎ ይታመን ነበርና፥ ፌኒቶይን የማያስተኛ ሆኖ ስለ ተገኘ ሠላሳ ዓመት ያህል ያለ ሥራ ተቀመጠ። በ1938 ሜሪትና ፑትናም የተባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች ድመቶችን በኤሌክትሪክ እያንቀጠቀጡ ብዙ ኬሚካሎችን ሲፈትኑ፥ ይህ የተናቀው ኬሚካል ሳያስተኛ መንቀጥቀጡን እንደሚያግድ አገኙ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕሙማን ተጠቅመውበታል።

ወደ ልብ የተሻገረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1950 ሃሪስና ኮከርኖት የተባሉ ተመራማሪዎች የልባቸው የደም ሥር የታሰረባቸውንና ትርታቸው የተናወጠባቸውን ውሾች በፌኒቶይን አከሙ፤ ትርታውም ረጋ። የአሳቡ መነሻ ቀላልና ብልህ ነው። የሚጥል በሽታ ከአንድ የአንጎል ስፍራ ያለ ሥርዓት የሚነሣ የኤሌክትሪክ ንዝረት ከሆነ፥ ደም ያጣ የልብ ክፍልም እንዲሁ ያለ ሥርዓት የሚነዝር ከሆነ፥ አንዱን ዝም የሚያሰኘው መድኃኒት ሌላውንስ ለምን አይሞከርበትም? በ1958 ደግሞ ሊዮናርድ የተባለ ሐኪም መድኃኒቱን በሰው ደም ሥር ሰጥቶ ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሣውን ፈጣን ትርታ እንዳበረደለት ጻፈ። በ1960ዎቹ ዓመታት ብዙዎች ተከተሉት።

እንዲህ ያለው ከቤት ወደ ቤት መሻገር በሕክምና ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው ሁሉ ወባን ያውቃል፤ ለወባ ይሰጥ የነበረውን ኪኒንንም ከአባቶቹ ሰምቷል። ቬንከባክ የተባለው የልብ ሐኪም በ1914 ባሳተመው መጽሐፉ፥ አንድ ነጋዴ ኪኒን በዋጠ ጊዜ የተዛባው የልብ ትርታው ወደ ሥርዓቱ እንደሚመለስለት አሳይቶት እንደ ነበር ተርኳል። ከዚህ ተነሥቶ በ1918 ፍራይ የተባለ ሐኪም የኪኒንን ወንድም ኪኒዲንን ለልብ ሕክምና አበቃ። ጥርስ ሲነቀል የሚያደነዝዘው ሊዶካይንም እንዲሁ ኋላ የልብ መድኃኒት ሆነ። ስለዚህ የመድኃኒት ጠባይ በብልቃጡ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አያልቅም፤ የሚያየው ሰው ካገኘ ብዙ ይናገራል።

አሠራሩን ባጭሩ እንግለጸው። የነርቭም ሆነ የልብ ሕዋስ የሚነዝረው ሶዲየም በጠባብ በሮች ወደ ውስጡ ሲገባ ነው። ፌኒቶይን እነዚህን በሮች ይይዛል፤ የሚይዘውም ይበልጡን እጅግ በፍጥነት የሚነዝሩትንና የታመሙትን ሕዋሳት ነው። በእርጋታ የሚሠራውን ጤነኛ ሕዋስ ያን ያህል አይነካውም። በዚህ ጠባዩ ከሊዶካይን ጋር ባንድ ክፍል ይመደባል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ምዕራባውያን የልብ በሽታ ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት በስብ የተደፈነ የደም ሥር ነው። በእኛ አገር ግን ገና ልጆች ሳሉ የሚጀምር ሌላ በሽታ አለ፤ ይኸውም በጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ በመገጣጠሚያ በኩል አልፎ የልብን በር የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። በ2015 ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት በጅማ ያለ ምንም የሕመም ስሜት ትምህርታቸውን ይከታተሉ ከነበሩ ልጆች መካከል ከሺህ 31 ያህሉ የዚህ በሽታ ምልክት በልባቸው ላይ እንደ ተገኘ አሳይቷል። በዚያው ጥናት በኬፕ ታውን የተገኘው ከሺህ 20 ያህል ነበር። ጅማ ከአዳማ ሩቅ ነው፤ ነገር ግን የተጣበበ ቤትና ሳይታከም የሚያልፍ የቶንሲል ሕመም በጅማ ብቻ የሚገኝ ነው የሚል ሰው ካለ በመቂና በባቱ ሰፈሮች አንድ ጊዜ ይዘዋወር።

የልቡ በር የጠበበ ሰው ዓመታት ሲያልፉ የላይኛው የልቡ ክፍል ይሰፋል፤ ትርታውም ሥርዓት ያጣል። ለዚህ ሰው ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ዲጎክሲን ነው። የዲጎክሲን ዘር የሆነውን ቅጠል ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1785 ስለ ጥቅሙ ጽፎበታል። ርካሽና ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ ግን በሚያድነው መጠንና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው መድኃኒቱን በቶሎ አያስወግደውም። የተጠራቀመውን ውሃ በሽንት እንዲያስወጣ ላሲክስ የሚወስድ ሰው ደግሞ ፖታሲየሙ ይቀንስበታል፤ ፖታሲየም የቀነሰበት ልብ በዲጎክሲን ቶሎ ይመረዛል። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፥ ማቅለሽለሽ፥ ነገር ሁሉ ቢጫ መስሎ መታየት የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው። ከዚያ በኋላ ልብ ወይ እጅግ ይዘገያል፥ ወይ ያለ ተራው ይመታል፥ አለዚያም ሁለቱን ያጣምራል። ዲጎክሲንና ላሲክስ ባንድ ቦርሳ ይዞ ከገጠር የሚመጣ ሕሙም ስንት ነው? ደሙ መቼ ተመረመረ? የሚጠይቀውስ ማን ነው?

የዚህ መርዝ ዋና ማርከሻ ከበግ ደም የሚዘጋጅ፥ ዲጎክሲንን እየያዘ ከሰውነት የሚያስወጣ ፀረ መርዝ ነው። በሰው ላይ መሥራቱ የታወቀው በ1976 ነው፤ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ደግሞ በ1986 ነው። ነገር ግን የአንዷ ብልቃጥ ዋጋ በዚያ አገር ከሺህ ዶላር በላይ ነው፤ አንዱ ሕሙምም ብዙ ብልቃጥ ሊያስፈልገው ይችላል። የስሪ ላንካ ታሪክ እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት ነው። በዚያች ደሴት ብዙ ወጣቶች ሕይወታቸውን ለማጥፋት የዲጎክሲን ዓይነት መርዝ ያለበትን ቢጫ አበባ የሚያወጣ ተክል ፍሬ ይበሉ ነበር። በ2000 የታተመ ጥናት ይኸው ፀረ መርዝ እንደሚያድናቸው አረጋገጠ። ቀጥሎ መድኃኒቱን ከገበያ ማግኘትና መግዛት አልተቻለም፤ ሟቾቹም በዙ። የሚያድነው ነገር ታውቆ ሳለ በዋጋ ምክንያት ሰው ሞተ።

ፌኒቶይን ስፍራ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በዲጎክሲን የተመረዘ ልብ ከታች ያለ ተራው በሚመታበት ጊዜ፥ ፀረ መርዙም በማይገኝበት ቦታ፥ ፌኒቶይንና ሊዶካይን ሐኪሙ ሊመለከታቸው የሚገቡ መድኃኒቶች ናቸው። ምክንያቱም እንደ ኪኒዲን ያሉት መድኃኒቶች ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚሄደውን መልእክት ይበልጥ ያዘገያሉ፤ ፌኒቶይን ግን በዚህ ረገድ የተሻለ ጠባይ አለው። ይህ እንግዲህ ጠባቡ ግን እውነተኛው ስፍራው ነው።

ነገሩ የባዕድ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። በአገራችን ቆላና ወይና ደጋ የሚበቅል፥ በአማርኛ መረንዝ በኦሮምኛ ቀራሩ የሚባል ቁጥቋጦ አለ። የዚህ ዘር ከጥንት ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ለፍላጻ መርዝ ሲያገለግል ኖሯል። በውስጡ ያለው መርዝ የዲጎክሲን ዘመድ ነው። ዓለም ኡዋባይን ብሎ የሚጠራው የልብ መድኃኒትም ስሙን ያገኘው ዋባዮ ከሚለው የሶማልኛ ቃል ነው። ስለዚህ በልብ ላይ ስለሚሠራ መርዝ የሚነሣው ጥያቄ ከደጃችን የበቀለ ነው፤ መልሱን ግን ሁልጊዜ ከውጭ እንጠብቃለን።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተቃዋሚዎች ይነሡብናል። የመጀመሪያዎቹ «አሮጌ መድኃኒት ለምን ትቆፍራላችሁ? ዓለም ወደ አዲሱ ሄዷል» ይሉናል። እውነት ነው፤ ዛሬ ከታችኛው የልብ ክፍል ለሚነሣ ፈጣን ትርታ በመጀመሪያ የሚታሰቡት እንደ አሚዮዳሮን ያሉ መድኃኒቶችና በኤሌክትሪክ ልብን የሚመልሰው መሣሪያ ናቸው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ፌኒቶይንን ለልብ ትርታ ብሎ አልፈቀደውም። እኛም አዲሱን የያዘ ሰው አሮጌውን ይምረጥ አላልንም። ነገር ግን የባለቤትነት መብቱ ያለፈበት መድኃኒት ትርፍ ስለሌለው ገንዘብ አውጥቶ የሚያስጠናው ኩባንያ አይገኝም። ጠበቃ የለውም ማለት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። አዲሱ በማይደርስበት አገር የሚኖር ሰው የአሮጌውን ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ ግዴታው ነው።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ ፌኒቶይንን ተአምር ያደርጉታል። ጃክ ድራይፈስ የተባለ አሜሪካዊ ባለ ሀብት መድኃኒቱ ከደረሰበት የመንፈስ ጭንቀት እንዳዳነው አምኖ፥ በ1981 የተዘነጋ አስደናቂ መድኃኒት አለ የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ብዙ ሚሊዮን ዶላርም አወጣበት። ቅንነቱን አንጠራጠርም። ነገር ግን ቅንነት ማስረጃ አይሆንም። በ1971 በላንሴት መጽሔት የታተመ፥ ልባቸው ደም አጥቶ ከታመመ በኋላ ያገገሙ 568 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ፌኒቶይንን ዘወትር መውሰድ ዕድሜያቸውን እንዳላራዘመው አሳየ። በ1989 ደግሞ ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉ ሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ትርታውን በወረቀት ላይ እያሳመሩ ሕሙማኑን እንደሚያበዙ ሳይሆን ሞታቸውን እንደሚያበዙ ታወቀ። ስለዚህ በወረቀት ላይ የተስተካከለ መስመርና የዳነ ሰው አንድ አይደሉም።

አደጋውም ቀላል አይደለም። የፌኒቶይን መርፌ በደም ሥር በሚሰጥበት ጊዜ ለአዋቂ ሰው በደቂቃ ከ50 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም፤ የፈጠነ እንደሆነ የደም ግፊት ይወድቃል፥ ልብም ሊቆም ይችላል። የዚህ ጥፋት ከፊሉ የሚመጣው መድኃኒቱ ከሚሟሟበት ፈሳሽ ነው። በስኳር ውሃ ከተቀላቀለ ይረጋል፤ በጨው ውሃ ብቻ ነው የሚሰጠው። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋን ያቆስላል። ትርታው እጅግ ለዘገየበትና የልቡ መልእክት ለተቋረጠበት ሰው ክልክል ነው። መጠኑ ጥቂት ሲጨመር በደም ውስጥ ያለው ብዛት በድንገት ከፍ ይላል። ለሳንባ ነቀርሳ ኢሶኒያዚድ የሚወስድ ሰው ፌኒቶይን ይጠራቀምበታል፤ ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ የልብ ሕሙም ደግሞ የዋርፋሪኑ ሚዛን ይናጋበታል። የሳንባ ነቀርሳና የልብ በር በሽታ ባንድ ቤት በሚገኙበት አገር ይህ ተራ ማስታወሻ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ገና አልተነካም። አንጎልና ልብ የሚገናኙት በመድኃኒቱ ብቻ አይደለም፤ በመውደቅም ይገናኛሉ። በገበያ መካከል ድንገት የወደቀን ሰው ሁሉ የሚጥል በሽታ ይዞታል እንላለን። ነገር ግን ልብ ለጥቂት ሰኮንዶች ሥርዓቱን ባጣ ጊዜ አንጎል ደም ያጣል፤ ሰውየው ይወድቃል፥ ይንቀጠቀጣልም። ላየው ሰው የሚጥል በሽታ ይመስላል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ የሚጥል በሽታ ከሺህ ሰው በአምስት ያህሉ ላይ እንደሚገኝ፥ ከእነዚህም ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት እጅግ ጥቂቶች እንደ ነበሩ አስረድተዋል። ቡታጅራ ከስምጥ ሸለቆው ዳር ያለች ጎረቤታችን ናት። እንግዲህ ሁለት በደል አለ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒት ያጣል፤ ልቡ የታመመው ሰው ደግሞ የሌላውን በሽታ ስም ተሸክሞ፥ ከትምህርትና ከትዳር ተገልሎ፥ የማይፈይደውን መድኃኒት እየዋጠ አንድ ቀን ወድቆ ይቀራል። በእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ ለዚህ ጥርጣሬ የሚመጣ አዋቂ ሰው ሁሉ ኢ.ሲ.ጂ. እንዲነሣ ያዛል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ፥ ሥጋን የማይነካ ምርመራ ነው።

ስለዚህም ፌኒቶይንን ለልብ እናውቅለት ስንል ከሚጥል በሽታ ሕሙም አፍ ነጥቀን እንስጥ ማለታችን አይደለም። ለእነርሱ የዕለት እንጀራ ነው፤ ባንድ ጊዜ ቢቋረጥባቸው የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣባቸው ይችላል። ለልብ የሚያስፈልገው ለጥቂት ድንገተኛ ሕሙማን የሚሆን መርፌ ነው፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው በየወሩ ሳይቋረጥ የሚደርስ ክኒን ነው። በጀቱም መደርደሪያውም ይለያይ።

ጩኸት ብቻ እንዳይሆንብን የምንጠይቀውን በግልጽ እናስቀምጣለን።

አንደኛ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ወድቆ የመጣ ሰው ሁሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ኢ.ሲ.ጂ. ይነሣ። መሣሪያው ባለበት ሁሉ የሚያነበው ሰው ይሠልጥን።

ሁለተኛ፦ ዲጎክሲን የሚወስድ ሕሙም ሁሉ መጠኑና አብረው የሚወሰዱት መድኃኒቶች የተጻፉበት፥ የመመረዝ ምልክቶቹ በኦሮምኛና በአማርኛ የተገለጹበት ካርድ ይያዝ። ፖታሲየሙና ኩላሊቱ በየጊዜው ይመርመር።

ሦስተኛ፦ ፌኒቶይን ለልብ መቼ እንደሚሰጥ፥ መቼ እንደሚከለከል፥ በምን ፈሳሽና በምን ፍጥነት እንደሚሰጥ የሚናገር አንድ ገጽ መመሪያ በታላላቅ ሐኪሞችና በመድኃኒት ባለሙያዎች ተዘጋጅቶ በድንገተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ትርታውን የሚከታተል መሣሪያ በሌለበት ማንም እንዳይሞክረው በግልጽ ይጻፍበት።

አራተኛ፦ መድኃኒቱ ከተፈቀደለት ሥራ ውጭ በተሰጠ ቁጥር ውጤቱ፥ ያልተሳካውም ጭምር፥ ይመዝገብ። ቀድሞ የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ይባል የነበረው የአዳማ ሆስፒታልና ሜዲካል ኮሌጅ፥ በአሰላም ያለው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ይህን መዝገብ አብረው ሊይዙ ይችላሉ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም በአዳማ ቅርንጫፍ አለውና የሚፈለገው ብዛት በጊዜው ይነገረው። ውጤቱ ከ1962 ጀምሮ በሚታተመው የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ ይውጣ።

አምስተኛ፦ የጉሮሮ ሕመም ያለበት ልጅ በጊዜው ፔኒሲሊን ያግኝ፤ በሩማቲክ ትኩሳት አንድ ጊዜ የታመመውም በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው መርፌ አይቋረጥበት። የአንዲት መርፌ ፔኒሲሊን ሥራ ዲጎክሲንንም፥ ፌኒቶይንንም፥ የበጉን ፀረ መርዝም ያስቀራል።

ወንድሞችና እህቶች! የተማሪ ሥራ ያስተማሩትን መልሶ ማንበልበል ብቻ ቢሆን ኖሮ ፌኒቶይን እስከ ዛሬ የማያስተኛ ከንቱ ዱቄት ተብሎ በቀረ ነበር። ሠላሳ ዓመት የተናቀውን ነገር ሁለት ሰዎች እንደገና ስለ ጠየቁ ብዙዎች ከመሬት ተነሡ። እኛ የምንጠይቀው ሀብት ያላቸው አገሮች እስኪሰጡን ድረስ ስለማንጠብቀው ነገር ነው፤ ያለንን ማወቅ፥ ያወቅነውን መጻፍ፥ የጻፍነውን ለሕሙሙ ማድረስ። ወርቁ በእጃችን ነው። መዳብ ነው ብለን ከመጣላችን በፊት እንመዝነው፤ ሚዛኑም እውነተኛ ይሁን።